የሙቅ አየር መበየጃ (ሆት ኤር) ጥገና

የሙቅ አየር መበየጃ፣ በጠጋኞች አነጋገር ሆት ኤር፣ በኤሌክትሪክ የጋለ አየር በጠባብ አፍ እየነፋ በኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ላይ ያሉ ጥቃቅን ክፍሎችን ለማንሳትና መልሶ ለመበየድ የሚያገለግል መሣሪያ ነው። በኢትዮጵያ በብዛት የሚገኘው በሞባይል ጥገና ሱቆች ውስጥ ነው። የስልክ ቻርጅ መሰኪያ፣ የሲም ካርድ ማስገቢያና የቦርድ አይሲዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚቀየሩት በዚህ መሣሪያ ነው።

መሣሪያው ራሱ ሲበላሽ መጠገን የሚቻል ሲሆን፣ አብዛኞቹ ብልሽቶች በአንድ መልቲሜትርና በአንድ ካቻቪቴ ሊለዩ ይችላሉ። ይህ በተለይ ከትልልቅ ገበያዎች ርቀው ለሚገኙ ከተሞች ጠቀሜታው ከፍተኛ ነው። በሰሜን ወሎ የምትገኘው ላሊበላ ከአዲስ አበባ በመኪና መንገድ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ስልክ ለብዙ ሰው የገንዘብ ቦርሳም ሆኗል፤ ስለዚህ የጠጋኙ ሆት ኤር ሲቆም የሚጉላላው ጠጋኙ ብቻ አይደለም።

ዓይነቶችና አሠራር

ሆት ኤር በሁለት ዋና ዋና ዓይነቶች ይከፈላል። አንደኛው በሳጥኑ ውስጥ ባለ ፓምፕ አየር እየገፋ በላስቲክ ቱቦ ወደ እጀታው የሚልክ ነው፤ በተለምዶ 850 በሚለው የሞዴል ቁጥር ይታወቃል። ሁለተኛው በእጀታው ውስጥ ትንሽ ማራገቢያ (ፋን) ያለው ሲሆን፣ 858 በሚለው ቁጥር የሚሸጡት ርካሽ መሣሪያዎች ከዚህ ወገን ናቸው። በጥገና ሱቆች በብዛት የሚታየው ይኸኛው ነው።

የሁለተኛው ዓይነት ዋና ዋና ክፍሎች የሚከተሉት ናቸው።

• ማሞቂያ፦ በሴራሚክ ላይ የተጠመጠመ የሚግል ሽቦ ነው። በኤሌክትሪክ ምጣድ ውስጥ ካለው ሬዚስታንስ ጋር አሠራሩ አንድ ነው። ከብረት ቱቦው የሚለየው ሚካ የሚባል ስስ መከላከያ ነው።
• የሙቀት መለኪያ (ቴርሞካፕል)፦ ከማሞቂያው አፍ አጠገብ የተተከለ የሁለት ልዩ ልዩ ብረቶች መጋጠሚያ ነው። ኬ የሚባለው ዓይነት በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ 0.04 ሚሊ ቮልት ያህል ያመነጫል።
• ፋን፦ አብዛኛውን ጊዜ በ24 ቮልት ዲሲ ይሠራል።
• ትሪያክ፦ 220 ቮልቱን ወደ ማሞቂያው የሚያስገባና የሚያቋርጥ የኤሌክትሮኒክስ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ትእዛዝ የሚቀበለው ኦፕቶካፕለር በሚባል በብርሃን በሚሠራ አገናኝ በኩል ነው።
• ሪድ ስዊች፦ በማግኔት የሚዘጋ ትንሽ ማብሪያ ነው። እጀታው ወደ ማስቀመጫው ሲመለስ ማሞቂያው እንዲጠፋና ፋኑ እስኪቀዘቅዝ እንዲነፋ ያደርጋል።
• የመቆጣጠሪያ ቦርድ፦ ትራንስፎርመር፣ ቮልቴጅ አስተካካይ፣ የቴርሞካፕሉን ደካማ ምልክት የሚያጎላ አምፕሊፋየርና ማይክሮኮንትሮለር ይዟል።

ማይክሮኮንትሮለሩ የቴርሞካፕሉን ንባብ ተጠቃሚው ከመረጠው ሙቀት ጋር እያነጻጸረ ትሪያኩን ይከፍታል ወይም ይዘጋል። ይህ ዑደት ከየትኛውም ቦታ ቢቋረጥ ብልሽት ይከተላል። ጥገናም ማለት ዑደቱ የተቋረጠበትን ቦታ መፈለግ ነው።

የላሊበላና የላስታ ደጋ ሁኔታ

ከፍታ

ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ በአቅራቢያዋ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ደግሞ ከ4,200 ሜትር ያልፋል። በከተማዋ ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠረፍ ካለው ከአምስተኛ እስከ ሩብ በሚደርስ መጠን ያንሳል። ፋኑ በደቂቃ የሚነፋው የአየር መጠን ያው ቢሆንም፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ተሸክሞት የሚሄደው ሙቀት ይቀንሳል።

ከዚህ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ ማሳያው 350 ዲግሪ እያለም ቦርዱ ቆላ ውስጥ ከሚሞቀው ዘግይቶ ይሞቃል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ መፍትሔውም ዲግሪውን ከመጨመር በፊት የነፋሱን መጠን ከፍ ማድረግ ነው። ሁለተኛ፣ ማሞቂያውን የሚያቀዘቅዘው ይኸው ስስ አየር ስለሆነ፣ በዝቅተኛ ነፋስና በከፍተኛ ሙቀት ለረጅም ጊዜ ማሠራት የሽቦውን ዕድሜ ያሳጥራል።

መብራት

የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ኃይል 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። በረጅም መስመር መጨረሻ ላይ ባሉ ከተሞችና መንደሮች፣ በተለይም ምሽት ላይ፣ ቮልቴጁ ሊወርድ ይችላል። የማሞቂያ ጉልበት ከቮልቴጁ ጋር በካሬ ስለሚቀንስ ጉዳቱ ከሚታሰበው ይበልጣል፤ በ220 ቮልት 700 ዋት የሚሰጥ ማሞቂያ በ180 ቮልት የሚሰጠው 470 ዋት ገደማ ብቻ ነው። በአንጻሩ ያልተስተካከለ ጄኔሬተር 250 ቮልት ከሰጠ ጉልበቱ ወደ 900 ዋት ያሻቅባል።

ላሊበላ በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ከ2013 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ለወራት ያለ መብራትና ያለ ስልክ አገልግሎት ቆይታለች። መስመር በተቋረጠበት አካባቢ ሥራ የሚቀጥለው በጄኔሬተር ወይም በፀሐይ ኃይል ነው። ይሁን እንጂ ሆት ኤር ለፀሐይ ኃይል ከባድ ጭነት ነው። 700 ዋት ከ12 ቮልት ባትሪ በኢንቨርተር ለማግኘት 70 አምፔር ያህል ያስፈልጋል፤ ይህም ለመብራትና ለስልክ ቻርጅ ብቻ ከተዘጋጀ አነስተኛ ሲስተም አቅም በላይ ነው። በተጨማሪም ንጹሕ ሞገድ የማይሰጡ ርካሽ ኢንቨርተሮች የትሪያኩን መቆጣጠሪያ ሊያምታቱት ይችላሉ። ስለዚህ በኢንቨርተር ላይ ብቻ የሚታይ የሙቀት መዋዠቅ ሲኖር መሣሪያውን ከመፍታት በፊት በመስመር መብራት መሞከር ይገባል።

አቧራና እርጥበት

በበጋ የደጋው አቧራ በፋኑ መግቢያ ላይ ይከማቻል። በክረምት ደግሞ ሳይሠራ የቆየ ማሞቂያ እርጥበት ሊስብና ኤሌክትሪክ ወደ ብረት ቱቦው እንዲያልፍ ሊያደርግ ይችላል።

ከጥገና በፊት የሚደረግ ጥንቃቄ

በእጀታው ውስጥ ሙሉው 220 ቮልት ስለሚገባ ሆት ኤር ከተራ የስልክ ጥገና የበለጠ አደጋ አለው። የሚከተሉት ጥንቃቄዎች መሠረታዊ ናቸው።

• መሣሪያው ከመከፈቱ በፊት መሰኪያው ከግድግዳው ይነቀላል። ማብሪያ ማጥፊያውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም። በኢትዮጵያ የተለመደው ባለሁለት እግር መሰኪያ ተገልብጦም ስለሚገባ፣ አንዱን ሽቦ ብቻ የሚያቋርጥ ማብሪያ ኒውትራሉን ቆርጦ ፌዙን ውስጥ ሊተወው ይችላል።
• እጀታው ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ይጠበቃል።
• በቦርዱ ላይ ያሉ ካፓሲተሮች ቮልቴጅ አለመያዛቸው በመልቲሜትር ይረጋገጣል።
• መሣሪያው ተከፍቶ በመብራት መለካት ካለበት አንድ እጅ ብቻ ይሠራል፤ ሌላ ሰውም በአቅራቢያ ይኖራል።
• የተቃጠለ ፊውዝ በሽቦ ቁራጭ አይተካም። የ700 ዋት ማሞቂያ የሚወስደው 3.2 አምፔር ገደማ ነው፤ በመሣሪያው ላይ ከተጻፈው አምፔር የበለጠ ፊውዝ ማስገባት የሚቀጥለውን ብልሽት ወደ እሳት ሊቀይረው ይችላል።

ብልሽትን የመለየት ቅደም ተከተል

ፍተሻ ከውጭ ወደ ውስጥ ይሄዳል። መጀመሪያ የግድግዳው መሰኪያ ቮልቴጅ ይለካል፤ ቀጥሎ ገመዱ፣ ፊውዙ፣ እጀታውና በመጨረሻ ቦርዱ ይታያል። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እጀታውና ገመዱ ስለሆነ፣ ከቦርዱ መጀመር ደህናውን ክፍል ነካክቶ ማበላሸትን ያስከትላል።

ጨርሶ አይበራም

ፊውዙ በመልቲሜትር የግንኙነት ድምፅ ይፈተሻል። ደህና ከሆነ ገመዱ፣ ማብሪያ ማጥፊያውና የትራንስፎርመሩ መግቢያ ጥቅል ይለካሉ። የትራንስፎርመሩ ጥቅል መልቲሜትሩ ላይ ማለቂያ የሌለው ሬዚስታንስ ካሳየ ተቃጥሏል ማለት ነው። ትራንስፎርመሩ ደህና ሆኖ ማሳያው የማይበራ ከሆነ ለማይክሮኮንትሮለሩ የሚደርሰው 5 ቮልት ይለካል።

ፊውዙ ተቃጥሎ ከተገኘ በአዲስ ከመተካቱ በፊት ምክንያቱ ይፈለጋል። የማሞቂያው ሁለት ጫፎች ከቦርዱ ተነቅለው ለየብቻ ይለካሉ፤ ሽቦው ከብረት ቱቦው ጋር ተነካክቶ ከሆነ አዲሱም ፊውዝ ወዲያው ይቃጠላል።

ነፋስ አለ፣ ሙቀት ግን የለም

ይህ በብዛት ከሚያጋጥሙት ብልሽቶች አንዱ ነው። የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ማሞቂያው ነው። ለ220 ቮልትና ለ700 ዋት የተሠራ ማሞቂያ ወደ 70 ኦም ይለካል፤ ከ60 እስከ 80 ኦም ያለው ንባብ እንደ ደህና ይቆጠራል። የሚግለው ሽቦ ሲሞቅ ሬዚስታንሱ ብዙም ስለማይለወጥ ቀዝቃዛ ሆኖ መለካቱ በቂ ነው። ንባብ ከሌለ ሽቦው ተበጥሷል።

ማሞቂያው ደህና ከሆነ ሪድ ስዊቹ ይታያል። ስዊቹ ተጣብቆ ከቀረ መሣሪያው ዘወትር እጀታው በማስቀመጫው ላይ ያለ ይመስለዋል። ሪድ ስዊቹ በእጀታው ውስጥ በሆነበት መሣሪያ ማንኛውም ማግኔት ሊዘጋው ስለሚችል፣ በሥራ ጠረጴዛው ላይ ያለ የብሎን መያዣ ማግኔት ወይም የተፈታ ስፒከር ሙቀቱን ሊያጠፋው ይችላል። ስለዚህ እጀታውን ከመፍታት በፊት ጠረጴዛውን ማጽዳት ይቀድማል።

ከዚህ ካለፈ ችግሩ ያለው በትሪያኩ፣ በኦፕቶካፕለሩ ወይም በእጀታው ገመድ ውስጥ ነው። ገመዱ ከእጀታው በሚወጣበት ቦታ ላይ ብዙ ስለሚታጠፍ ሽቦዎቹ ከላስቲኩ ውስጥ ሳይታዩ ይበጠሳሉ። ገመዱን እያጠፉና እየዘረጉ መለካት ይህን ያጋልጣል።

ሙቀቱ አይቆምም

ማሳያው ከተመረጠው ዲግሪ አልፎ ከወጣ፣ ወይም እጀታው በማስቀመጫው ላይ ሆኖ ማሞቂያው ከጋለ፣ መሣሪያው ወዲያው ከመብራት መነቀል አለበት። ዋናው ተጠርጣሪ ትሪያኩ ነው፤ ትሪያክ ሲበላሽ ብዙ ጊዜ ተዘግቶ ይቀራልና። መሰኪያው ተነቅሎ፣ ማሞቂያውም ከቦርዱ ተለይቶ በሁለቱ ዋና እግሮች መካከል ሲለካ ወደ ዜሮ የሚጠጋ ንባብ ካሳየ ይቀየራል።

ምትኩ በሚመረጥበት ጊዜ ቢያንስ 600 ቮልት የሚችልና ከዋናው ያላነሰ አምፔር ያለው መሆን አለበት። ቢ.ቲ.ኤ. በሚሉ ፊደላት የሚጀምሩት ትሪያኮች የብረት ጀርባቸው ከኤሌክትሪኩ የተለየ ነው። ቢ.ቲ. 136ን የመሳሰሉት ግን በብረት ጀርባቸው ላይ 220 ቮልት ይይዛሉ፤ ስለዚህ ያለ መከላከያ ከማቀዝቀዣ ብረት ጋር ሊታሰሩ አይገባም።

ማሳያው ዝቅተኛ ዲግሪ እያሳየ አየሩ ግን እጅግ ከጋለ ጥፋቱ የቴርሞካፕሉ ነው። ገመዶቹ ተነካክተው ከሆነ መሣሪያው የክፍሉን ሙቀት ብቻ ያነባል። ተገላብጠው ከተገናኙ ደግሞ ማሞቂያው በጋለ ቁጥር ንባቡ ይወርዳል፤ መቆጣጠሪያውም ገና እንዳልሞቀ ቆጥሮ ሙሉ ኃይል መላኩን ይቀጥላል። ይህ ስህተት በአብዛኛው የሚፈጠረው ማሞቂያ ከተቀየረ በኋላ ነው።

ነፋሱ ደካማ ነው ወይም የለም

ፋን ያለው መሣሪያ ከሆነ መግቢያው በደረቅ ብሩሽ ይጸዳል። ከዚያ የፋኑ ቮልቴጅ ይለካል። ሙሉው ቮልቴጅ እየደረሰው የማይዞር ፋን ይቀየራል፤ ቮልቴጁ ራሱ አነስተኛ ከሆነ ግን ያበጡ ወይም የደከሙ ካፓሲተሮች ይፈለጋሉ። ፓምፕ ባለው መሣሪያ ላይ የላስቲክ ሽፋኑ መሰንጠቅና የቱቦው መተንፈስ የተለመዱ ምክንያቶች ናቸው። ነፋስ በሌለበት ማሞቂያው እንዲግል መተው ሽቦውን በአጭር ጊዜ ስለሚያቃጥለው፣ የነፋሱ ችግር ሳይፈታ ሌላ ነገር አይሞከርም።

ሲነካ ይነዝራል

የእጀታው ብረት አፍ ከነዘረ ሁለት ነገሮች በአንድ ላይ ተበላሽተዋል ማለት ነው፤ የማሞቂያው መከላከያ አፍስሷል፣ የመሬት ሽቦውም አልተያያዘም። ከማሞቂያው ሽቦ ወደ ብረት ቱቦው ሲለካ መልቲሜትሩ ምንም ማንበብ የለበትም። በእርጥበት ምክንያት የሚያነብ ከሆነ ማሞቂያውን አውጥቶ በደረቅና ሞቅ ባለ ቦታ ማድረቅ ሊረዳ ይችላል፤ ደርቆም ካነበበ ይቀየራል። ከመሰኪያው የመሬት እግር እስከ ብረት አፉ ያለው ግንኙነት ደግሞ ከ1 ኦም ብዙ መብለጥ የለበትም። ይህ ለስልኩም ያስፈልጋል፤ የሚያፈስ ኤሌክትሪክ ጥቃቅን አይሲዎችን ሊገድል ይችላል።

ማሞቂያን መቀየር

ከእጀታው የሚወጡት ሽቦዎች የማሞቂያው፣ የቴርሞካፕሉ፣ የፋኑ፣ የሪድ ስዊቹና የመሬት ናቸው። የሽቦ ቀለም ከአምራች አምራች ስለሚለያይ በቀለም ብቻ ማገናኘት አደገኛ ነው፤ 220 ቮልት ወደ ቴርሞካፕሉ መስመር ከገባ ቦርዱ በቅጽበት ይቃጠላል።

አዲሱ ማሞቂያ ከመግባቱ በፊት ጥንዶቹ በመልቲሜትር ይለያሉ። 70 ኦም ገደማ የሚያነበው ጥንድ ማሞቂያው ሲሆን፣ ጥቂት ኦም ብቻ የሚያነበው ቴርሞካፕሉ ነው። የቴርሞካፕሉን አቅጣጫ ለማወቅ መልቲሜትሩ በሚሊ ቮልት ላይ ይደረግና ጫፉ በእጅ ወይም በሞቀ ነገር ይሞቃል፤ ንባቡ ወደ ላይ ሲወጣ ቀዩ መለኪያ የነካው ሽቦ ፖዘቲቩ ነው። የሚካው ሽፋን እንዳይቀደድ ተጠንቅቆ መመለስ ያስፈልጋል።

የሙቀት ንባብን ማረጋገጥ

ማሞቂያ ወይም ቴርሞካፕል ከተቀየረ በኋላ የማሳያው ቁጥር ከእውነተኛው ሙቀት ጋር ላይስማማ ይችላል። ለማነጻጸር የራሱ ቴርሞካፕል ያለው መልቲሜትር ይበቃል፤ ነገር ግን መልቲሜትሩ ራሱ አስቀድሞ መፈተሽ አለበት።

የተለመደው ዘዴ የመለኪያውን ጫፍ በሚቀልጥ በረዶና በሚፈላ ውኃ ውስጥ ማስገባት ነው። በረዶ በየትኛውም ከፍታ 0 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። ውኃ ግን 100 ዲግሪ ላይ የሚፈላው በባሕር ወለል አካባቢ ብቻ ነው፤ በየ300 ሜትሩ ከፍታ አንድ ዲግሪ ያህል እየቀነሰ በላሊበላ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ይህን ሳያውቅ መልቲሜትሩን በ100 ያስተካከለ ጠጋኝ ደህናውን መለኪያ በ8 ዲግሪ ያዛባዋል።

ሌላው ማነጻጸሪያ የመበየጃ እርሳስ (ሊድ) ነው። 63 በመቶ ቆርቆሮና 37 በመቶ እርሳስ ያለው በ183 ዲግሪ ይቀልጣል፤ በዘመናዊ ስልኮች ላይ የሚገኘው እርሳስ አልባ መበየጃ ደግሞ በ217 ዲግሪ አካባቢ መቅለጥ ይጀምራል። የመቅለጫ ነጥቡ በከፍታ አይለወጥም።

የመለኪያው ጫፍ ከአፉ በአንድ ሴንቲ ሜትር ርቀት ተይዞ ጥቂት ደቂቃ ይጠበቃል። ልዩነት ካለ በብዙ መሣሪያዎች ላይ በትንሽ ካቻቪቴ የሚዞር ማስተካከያ (ትሪመር) ይገኛል። ከአፉ በራቀ መጠን ሙቀቱ ስለሚወርድ፣ መለኪያው ሁልጊዜ በአንድ ርቀት መያዝ አለበት።

ከጥገና በኋላ የሚደረግ ፍተሻ

መሣሪያው ተገጥሞ ካለቀ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበራ 100 ዋት ከሚሆን የድሮ ዓይነት አምፖል ጋር በተከታታይ ማያያዝ ይመከራል። ውስጡ የተነካካ ሽቦ ካለ አምፖሉ ደምቆ ይበራል፤ ፊውዙም ቦርዱም ይተርፋሉ። ከዚያ ያለ አምፖሉ በዝቅተኛ ዲግሪና በሙሉ ነፋስ ይሞከራል፤ ቀስ በቀስም ይጨመራል። እጀታው ወደ ማስቀመጫው ሲመለስ ማሞቂያው መጥፋቱና ፋኑ እስኪቀዘቅዝ መንፋቱ ሳይረጋገጥ ጥገናው አልቋል አይባልም።

መከላከል

የሆት ኤር ዋነኛ ጠላት በድንገት የሚጠፋ መብራት ነው። መብራት ሲጠፋ ፋኑ ወዲያው ይቆማል፤ የማሞቂያው ግለት ግን ይቆያል። በዚህ ጊዜ ማብሪያ ማጥፊያውን አጥፍቶ መሰኪያውን መንቀል፣ እጀታውንም አፉን ወደ ላይ አድርጎ የሚቀጣጠል ነገር በሌለበት ማቆየት ያስፈልጋል። ሙቀት ወደ ላይ ስለሚወጣ በዚህ አያያዝ የእጀታው ፕላስቲክና ፋኑ ይድናሉ። መሰኪያው ሳይነቀል ጠረጴዛ ላይ የተተወ ሆት ኤር ግን መብራት ሲመጣ ማንም በሌለበት ሊግል ይችላል።

በተጨማሪም ሥራ ሲያልቅ ሳይቀዘቅዝ አለመንቀል፣ ከአስፈላጊው በላይ ከፍተኛ ዲግሪ አለመጠቀም፣ በበጋ የፋኑን መግቢያ በየጊዜው ማጽዳት፣ እንዲሁም ቮልቴጅ በሚዋዥቅበት አካባቢ ከመሣሪያው ዋት የበለጠ አቅም ያለው ስታቢላይዘር መጠቀም የመሣሪያውን ዕድሜ ያራዝማል። ማሞቂያ፣ ትሪያክና ፊውዝ ትንንሽና ቀላል ዕቃዎች ስለሆኑ፣ ከመርካቶ ወይም ከሌላ ትልቅ ገበያ ዕቃ በሚመጣበት ጊዜ አንድ አንድ ትርፍ ማስመጣት ከዋና ከተማ ርቆ ለሚሠራ ጠጋኝ የቀናት ሥራ ያተርፋል።

ደግሞ ይዩ

• ላሊበላ
• ላስታ
• ኤሌክትሮኒክስ
• ቴርሞካፕል
• ትሪያክ